አንድ ዲስክ ለሦስት ዘመን ኮምፒውተር፦ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 9፣ ማታ

አጎቴ በደብረ ብርሃን ከተማ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የኮምፒውተር ጽሕፈት አገልግሎት ይሰጣሉ። የክስ ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፤ በእጃቸው ያላለፈ የወረቀት ዓይነት የለም። ይህ ሁሉ ጽሑፍ ዛሬም ተቀምጦ የሚገኘው በሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ውስጥ ነው። ቀዳሚው ፔንቲየም 3 ሲሆን ዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትም ተጭኖበታል፤ ዲስኩ 10 ጊጋባይት ብቻ ነው። ተከታዩ ፔንቲየም 4 ነው፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ 512 ሜጋባይት ራም፣ 80 ጊጋባይት ዲስክ። ዊንዶውስ 10 ያለው ላፕቶፕም አላቸው። ነገር ግን የለመዱት የጽሕፈት ፕሮግራም፣ የለመዱት የቁልፍ አቀማመጥና አሮጌዋ ማተሚያ ሁሉ ከኤክስፒው ጋር ስለሆኑ የዕለት ሥራቸውን የሚሠሩት በእሱ ነው።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የኤክስፒው ዲስክ ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅ ተቀይሯል፤ ቢላዋ ድንጋይ ላይ ሲሳል ያለ ድምፅ ነው። ዛሬ ከሥራ በኋላ ጎራ ስል አጎቴ ጆሯቸውን ሲፒዩው ላይ ደግነው አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ ይህ ነገር አንድ ቀን ጠዋት አልነሣም ቢለኝ ለሰው ምን ብዬ እመልሳለሁ? እዚህ ውስጥ ያለው እኮ የሰው ጉዳይ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አያስቡ፤ ወደ ሌላ ዲስክ እንገለብጠዋለን» አልኳቸው። አፌ ላይ ቀለለኝ እንጂ ሥራው እንደማይቀል አውቃለሁ።

ዲስኮቹን ከየኮምፒውተሩ ነቅሎ በአይዲኢ (በአሮጌ ዲስኮች መሰኪያ) ማገናኛ ከላፕቶፕ ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ ለአንድ ጊዜ ግልበጣ ከሆነ እሱ ይቀላል። አጎቴ የሚያስፈልጋቸው ግን ይህ አይደለም። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሱቁን ከመዝጋታቸው በፊት ራሳቸው ሰክተው፣ ራሳቸው ገልብጠው፣ ራሳቸው የሚነቅሉት ዲስክ ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ አንድ ውጫዊ ዲስክ ሦስቱንም ኮምፒውተሮች ማነጋገር አለበት። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ተመሳሳይ ሥራ የገጠመው ሰው መንገዱን በእኔ ድካም እንዲያሳጥር ነው። ከወዲሁ የያዝኩት አቋም አንድ ነው፤ ዲስኩ የሚሰናዳው በደካማው ኮምፒውተር ልክ ነው። አዲሱ ላፕቶፕ የተሰጠውን ሁሉ ያነባል። አሮጌው ግን የማያውቀውን አያውቅም።

ኅዳር 10

የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ የላከችው 4 ቴራባይት ዲስክ እስከ ዛሬ ካርቶኑ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ የሞከርኩት እሱን ነው። ላፕቶፑ ላይ ወዲያው ተከፈተ። ኤክስፒው ላይ ስሰካው መብራቱ በራ፣ ድምፁ ተሰማ፣ «ማይ ኮምፒውተር» ውስጥ ግን ምንም አዲስ ነገር አልታየም። የዲስክ ማስተዳደሪያውን ስከፍት ዲስኩ አለ፤ ነገር ግን ሙሉው ቦታ «የጂፒቲ መከላከያ ክፍል» በሚል አንድ ስም ታጥሯል። ቀኝ ቁልፉን ብጫን የሚመረጥ ትእዛዝ የለም።

ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ ዲስክ የት ቦታ ላይ ምን ክፍል እንዳለው የሚናገር ሠንጠረዥ በመጀመሪያው ሴክተሩ (ዲስኩ በሚከፋፈልበት ትንሹ ቁራጭ) ላይ ይጻፋል። የቀድሞው ሠንጠረዥ ኤምቢአር ይባላል፤ በ1983 እ.ኤ.አ. ከዶስ 2.0 ጋር የመጣ ነው። የእያንዳንዱን ክፍል መነሻና ርዝመት በ32 ቢት ቁጥር ይጽፋል፤ አንድ ሴክተር ደግሞ 512 ባይት ነው። ሁለቱ ሲባዙ 2.2 ቴራባይት ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ ያለፈውን መጻፊያ ቁጥር የለውም። ጂፒቲ የተባለው አዲሱ ሠንጠረዥ የመጣው ይህን ወሰን ለመስበር ነው። ባለ 32 ቢት ኤክስፒ ግን ጂፒቲን አያነብም። የሚያየው ጂፒቲ ራሱን ከእንደነዚህ ያሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች ለመከላከል የሚያስቀምጠውን የሽፋን ምልክት ብቻ ነው። ሽፋኑም መልካም ሥራ ይሠራል፤ እሱ ባይኖር ኤክስፒው ዲስኩን ባዶ መስሎት «ላሰናዳው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

4 ቴራባይቱን በኤምቢአር እንደገና ከፍሎ ግማሹን መጠቀም ይቻላል። አንዳንድ ውጫዊ ዲስኮች ደግሞ ማቀፊያ ሣጥናቸው ሴክተሩን 4,096 ባይት አስመስሎ ስለሚያሳይ ኤክስፒ ላይ ከ2.2 ቴራባይት በላይ ይሠራሉ። ችግሩ የሚመጣው ሣጥኑ ሲበላሽ ነው፤ ዲስኩ ወጥቶ ሌላ ሣጥን ውስጥ ሲገባ የሴክተሩ ቁጥር ስለሚለወጥ ሠንጠረዡ ትርጉም ያጣል። የሰው ሰነድ በእንዲህ ዓይነት ነገር ላይ አላሳርፍም። 4 ቴራባይቱ እንዳለ ይቀመጥ፤ ለላፕቶፑ ሁለተኛ ቅጂ ይሆናል። ለአሮጌዎቹ ትንሽ ዲስክ እፈልጋለሁ።

ኅዳር 11

ቤት ውስጥ ከሞተ ላፕቶፕ የወጣ 500 ጊጋባይት ዲስክ ነበረኝ። የዩኤስቢ ሣጥን ገዝቼ አለበስኩት። ሠንጠረዥ ከመጻፌ በፊት ጤንነቱን መረመርኩ፤ ይህን ደረጃ የሚዘሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘው መዝገብ አለ። የተተኩ ሴክተሮች 0፣ በጥርጣሬ የተያዙ ሴክተሮች 0 ይላል። ከዚያ ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ ባለው በራሴ ላፕቶፕ ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው አስነበብኩት። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። አንድም ስሕተት አልወጣም።

አጎቴ ስልክ ደውለው እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። 500 የተባለው ዲስክ ኮምፒውተሩ ላይ 465 ብቻ እንደሚል ስነግራቸው «35 ጊጋው የት ገባ?» አሉ። ነጋዴ ናቸውና ሚዛን ላይ ቀልድ አያውቁም። የትም አልገባም። ፋብሪካው ጊጋባይት የሚለው አንድ ቢሊዮን ባይት ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ 1,073,741,824 ባይት ነው የሚለው። ዲስኩ 500,107,862,016 ባይት ይዟል፤ በትልቁ ቁና ሲሰፈር 465.8 ይሆናል። «እህሉ ያው ነው፤ ቁናው ነው የተለያየው» ስላቸው ገባቸው።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ሱቁ ዝግ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ቤት ሆኜ ሠራሁ።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ አሰብኩ። ዲስክ ላይ ፋይል የሚደረደርበት ሥርዓት ብዙ ዓይነት ነው፤ ዊንዶውስ 98 የሚያውቀው ፋት32 የሚባለውን ነው፤ ኤንቲኤፍኤስ የሚባለውን አያየውም። ፋት32 በ1996 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 95 ሁለተኛ ዙር እትም ጋር የመጣ ስለሆነ ለ98 አዲስ አይደለም። ሁለት ድክመቶች ግን አሉት። አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ መሆን አይችልም፤ ትክክለኛው ወሰን 4,294,967,295 ባይት ነው። አጎቴ ኤክስፒው ውስጥ 5 ጊጋባይት የሚያልፍ የእኅቴ ሠርግ ቪዲዮ አላቸው፤ እሱ እዚህ አይገባም። ሁለተኛው ድክመት የባሰ ነው። ፋት32 የሥራ መዝገብ የለውም። እየተጻፈበት ሳለ መብራት ቢጠፋ የት ላይ እንደነበረ አያስታውስም። ኤንቲኤፍኤስ ያስታውሳል፤ የተጀመረውን ለውጥ ወይ ይጨርሰዋል ወይ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። መብራት በሚሄድበት ከተማ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ኤክስፋት የሚባለው ሌላ ሥርዓትም ሐሳቤ ውስጥ ገብቶ ነበር። እሱም ኤክስፒ ላይ ተጨማሪ ማሻሻያ ይጠይቃል፣ 98 ደግሞ ጨርሶ አያውቀውም፣ የሥራ መዝገብም የለውም። ተውኩት።

ስለዚህ ዲስኩን ለሁለት ከፈልኩት። የመጀመሪያው ክፍል 60 ጊጋባይት ፋት32 ነው፤ ስሙን «ድልድይ» አልኩት፤ ከ98ቱ ጽሑፍ የሚሻገርበት ነው። የቀረው 405 ጊጋባይት ገደማ ኤንቲኤፍኤስ ነው፤ እሱ «ጎተራ» ነው።

ለምን 60? የዊንዶውስ 98 የዲስክ መመርመሪያ ስካንዲስክ ከ4,177,920 በላይ ክላስተር (ፋይል የሚቀመጥበት የቦታ ክፍልፋይ) ያለውን ክፍል መመርመር አይችልም። ባለ 32 ኪሎባይት ክላስተር ሲሰላ ወሰኑ 127 ጊጋባይት ገደማ ይመጣል። 60 ጊጋባይት ሁለት ሚሊዮን የማይሞላ ክላስተር ነው፤ ከወሰኑ በእጅጉ ያነሰ ነው። በዚያ ላይ የ98ቱ ዲስክ ራሱ 10 ጊጋባይት ነው። ድልድይ ከወንዙ በላይ መርዘም የለበትም።

ከዚያ ወደ ሥራው። ከራሴ ላፕቶፕ ላይ ፍላሽም ሆነ ሌላ ዲስክ ሁሉንም ነቀልኩ። የዲስኮቹን ዝርዝር አስወጣሁና መጠኑን ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ 465.8። የላፕቶፑ የራሱ ዲስክ 238.5 ነው። ሁለቱ ስለማይመሳሰሉ መሳሳት አይቻልም። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ትእዛዝ ዲስክ ስለሚያጠፋ እዚህ ላይ አንድ ደቂቃ መቆየት ዓመታት ያድናል።

ዲስክ የሚከፍለውን የኡቡንቱ ፕሮግራም ኤፍዲስክን ከፈትኩ። በ«ኦ» ፊደል አዲስ ኤምቢአር፣ በ«ኤን» አዲስ ክፍል፤ መነሻውን ራሱ 2,048ኛው ሴክተር አደረገው። ይህ መነሻ ጥሩ ነው። ኤክስፒ ራሱ ቢከፍለው ኖሮ ከ63ኛው ሴክተር ይጀምር ነበር። በውስጣቸው ባለ 4,096 ባይት ሴክተር የሆኑ ዲስኮች ላይ ያ አጀማመር ድንበር ስለሚያዛንፍ ጽሕፈቱን ያዘገየዋል። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ክፍሉ ከ2,048 ቢጀምርም ግድ የላቸውም፤ ሠንጠረዡ የሚለውን ይከተላሉ። ሁለተኛውንም ክፍል ፈጠርኩና ሠንጠረዡን አስጻፍኩት።

ድልድይን ፎርማት ያደረግኩት እዚያው ኡቡንቱ ላይ ነው። የዊንዶውስ 10 የፎርማት መስኮት ከ32 ጊጋባይት ለሚበልጥ ክፍል ፋት32ን በምርጫው ውስጥ አያቀርብም። ፋት32 ራሱ ግን ከዚያ በላይ ይችላል፤ 32 የመሣሪያው ወሰን ነው። የክፍሉን ስም በላቲን ፊደል ጻፍኩ። ፋት የክፍል ስም የሚይዘው በ11 ፊደል ልክ ነው፤ የሚጽፈውም በአሮጌው የዶስ ፊደል ገበታ ስለሆነ የግዕዝ ፊደል ቦታ የለውም። ጎተራን በአጎቴ ላፕቶፕ ኤንቲኤፍኤስ አደረግኩት።

ኅዳር 13

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሱቅ ደረስኩ። ኤክስፒው የፊት መሰኪያ ላይ ሰካሁት። ጠቅ። ዝም። ጠቅ። ዝም። ዲስኩን እጄ መዳፍ ላይ አድርጌ ሳዳምጠው ሊዞር ይጀምርና አቅም ያጥረዋል፤ ጭንቅላቱ ወደ ማረፊያው ይመለሳል፤ ያ ነው «ጠቅ» የሚለው። ዲስኩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ 5 ቮልት፣ 0.85 አምፔር ይላል። የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ በደንቡ የሚሰጠው 0.5 አምፔር ነው። የፊት መሰኪያ ደግሞ ከማዘርቦርዱ በቀጭንና ረጅም ሽቦ የሚመጣ ስለሆነ ይብስ ይደክማል። ወዲያው ነቀልኩት፤ በዚህ ሁኔታ ደጋግሞ ማስሞከር ዲስኩን ይጎዳል።

ሁለት ራስ ያለው ገመድ ከጎረቤት ፎቶ ቤት ተዋስኩ። አንዱ ራስ ለመረጃና ለኃይል፣ ሌላው ለኃይል ብቻ። ሁለቱንም ከኋላ፣ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ካሉት መሰኪያዎች ሰካሁ። ዲስኩ ዞረ፤ እንደ ንብ እምም ማለት ጀመረ።

ጎተራ ታየ። ድልድይ አልታየም።

የዲስክ ማስተዳደሪያው ውስጥ 60 ጊጋባይቱ አለ፤ «ጤናማ፣ ያልታወቀ ክፍል» ይላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ፎርማቱን ስጠራጠር ቆየሁ። ላፕቶፑ ላይ መልሼ ሠንጠረዡን ሳስነብበው ነገሩ ተገለጠልኝ። በኤምቢአር ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ባይት የዓይነት ምልክት አለው። ኤፍዲስክ አዲስ ክፍል ሲፈጥር ካልተነገረው በስተቀር ምልክቱን 83 ያደርገዋል፤ ይህም የሊኑክስ ማለት ነው። ውስጡ ፋት32 ቢሆንም በሩ ላይ የተለጠፈው ስም የሊኑክስ ስለሆነ ኤክስፒ አንኳኩቶ እንኳ አላየውም። የጎተራውን ምልክት 7 ብዬ ነበር፤ የድልድዩን ዘንግቼዋለሁ። «ቲ» ተጫንኩ፣ ክፍል 1 አልኩ፣ «ሲ» ብዬ መለስኩ፤ የፋት32 ምልክት ነው። አስጻፍኩት። ውስጡ ያለው ምንም አልተነካም፤ የተለወጠው አንድ ባይት ነው። ኤክስፒው ላይ ስመልሰው ድልድይም ጎተራም ጎን ለጎን ቆሙ።

እዚያው እያለሁ በኤክስፒው የዲስክ ማስተዳደሪያ ለሁለቱም ቋሚ የድራይቭ ፊደል ሰጠኋቸው። ኤክስፒ ዲስኩን በሠንጠረዡ ላይ ባለው መለያ ስለሚያስታውሰው ከዚህ በኋላ በተሰኩ ቁጥር ያው ፊደል ይይዛሉ። በኋላ ለምሠራው ነገር ያስፈልገኛል።

ኅዳር 14

ዛሬ የ98ቱ ተራ ነው። ዊንዶውስ 98 ለዩኤስቢ ዲስክ የሚሆን የጋራ ድራይቨር ይዞ አልመጣም፤ በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ፍላሽ የራሱን ድራይቨር በሲዲ ይዞ ነበር የሚሸጠው። በጎ ፈቃደኞች ለሁሉም የሚሆን ጥቅል አዘጋጅተዋል። አውርጄዋለሁ፤ ነገር ግን ዩኤስቢ የማያነብ ኮምፒውተር ላይ በምን ይገባል? በሲዲ። ባዶ ሲዲ ለማግኘት ሦስት ሱቅ ዞርኩ፤ አራተኛው ላይ አንድ አሮጌ መደርደሪያ ጀርባ ተገኘ።

ጭኜ እንደገና አስነሣሁት። የ98ቱ ሲፒዩ ከኋላው ሁለት የዩኤስቢ መሰኪያ ብቻ ነው ያለው። ኪቦርዱና ማውሱ በክቡ የፒኤስ2 መሰኪያ ስለሚሠሩ ሁለቱም ክፍት ናቸው፤ ባለሁለት ራሱ ገመድ ልክ ገባበት። ድልድይ ታየ። ጎተራ እንደተጠበቀው አይታይም። አጎቴ ከኋላዬ ቆመው ነበር፤ ምንም አልተናገሩም፤ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ሄዱ።

ኅዳር 16

ግልበጣው ተጀመረ። 98ቱ ውስጥ ያለው ጽሑፍ 1.8 ጊጋባይት ነው። መሰኪያው ዩኤስቢ 1.1 ስለሆነ በሰከንድ አንድ ሜጋባይት ቢያሳልፍ ነው። በንጹሕ ስሌት ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ ነገር ግን በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ናቸው፤ እያንዳንዱ መከፈትና መዘጋት ስላለበት ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚወስድ ገመትኩ።

አርባኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ።

ድልድይን በአጎቴ ላፕቶፕ ስከፍተው የመጨረሻው ፎልደር ግማሽ ነው። በዊንዶውስ የዲስክ መመርመሪያ በቼክዲስክ ሳስፈትሸው ባለቤት የሌላቸው ክላስተሮች አገኘና በአንድ አዲስ ፎልደር ውስጥ ቁጥር በተሰጣቸው ፋይሎች ሰብስቦ አስቀመጣቸው። ፋት32 የሥራ መዝገብ የለውም ማለት ይህ ነው፤ ወረቀት ላይ ያሰብኩትን በዓይኔ አየሁት። የጠፋ ነገር የለም፤ ዋናው ገና 98ቱ ውስጥ አለ። ፎልደሮቹን ሁሉ አጥፍቼ ከመጀመሪያው ለመጀመር ወሰንኩ። ከተቋረጠ ግልበጣ የቀረውን መቀጠል ጊዜ ያተርፋል፤ የትኛው ፋይል ግማሽ እንደሆነ በእርግጠኝነት ካልታወቀ ግን ትርፉ ዕዳ ነው።

መብራት በ9 ሰዓት መጣ። ፎቶ ቤቱ ዩፒኤሱንም አዋሰን፤ ጎረቤት ማለት ይህ ነው። ሁለተኛው ዙር ያለ ችግር አለቀ። በሁለቱም በኩል የፋይሎቹን ቁጥርና የባይቱን ድምር አመሳከርኩ፤ እኩል ናቸው።

ከኤክስፒው 22 ጊጋባይት ወደ ጎተራ ለመገልበጥ አንድ ሰዓት አልሞላም፤ የሠርጉም ቪዲዮ አብሮ ገባ። ዲስኩ ያንን የቢላዋ ድምፅ እያሰማ እስከ መጨረሻው አደረሰን።

ኅዳር 17

ዲስኩን በአጎቴ ላፕቶፕ ከመክፈቴ በፊት በኡቡንቱ ልየው አልኩ። ደግ አድርጌያለሁ። ድልድይ ላይ ከእያንዳንዱ ፎልደር ጎን በስሙ የተሰየመ ሾርትከት ተቀምጧል፤ ከሥር ደግሞ እኔ ያልፈጠርኩት አንድ የስክሪፕት ፋይል አለ። ይህ በየጽሕፈት ቤቱ የሚታወቀው የሾርትከት ቫይረስ ነው፤ ከደንበኞች ፍላሽ ወደ ኤክስፒው ገብቶ ኖሯል። እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ይደብቅና በቦታቸው ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ሰው ፎልደር መስሎት ሲጫን ስክሪፕቱ ይነሣል። ጽሑፉ አይጠፋም፤ ብዙ ሰው ግን ጠፋ ብሎ ደንግጦ ፎርማት ያደርገዋል፤ ጥፋቱ የሚደርሰው ያኔ ነው።

ኡቡንቱ ላይ ስክሪፕቱ አይሠራም፤ የተደበቁትም ፎልደሮች በግልጽ ይታያሉ። ሾርትከቶቹንና ስክሪፕቱን አጠፋሁ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ በአትሪብ ትእዛዝ የመደበቂያውን፣ የሲስተሙንና የንባብ ብቻውን ምልክት ከሁሉም ላይ አነሣሁ። ኤክስፒው ራሱ እስኪጸዳ ድረስ ዲስኩ ወደ እሱ አይመለስም። ጽዳቱ ግማሽ ቀን ወሰደ፤ ለዚህ ማስታወሻ የሚሆን ብዙ ነገር የለውም። ኤክስፒው ላይ የአውቶራን (የተሰካ ዲስክ ውስጥ ያለን ፕሮግራም በራሱ የሚያስነሣውን) መነሻውን ግን ዘግቼዋለሁ።

ኅዳር 18

አጎቴ ላፕቶፑ ላይ አንድ አሮጌ ውል እንድከፍትላቸው ጠየቁኝ፤ የ1996 ዓ.ም. የቤት ሽያጭ ነው። ተከፈተ። ገጹ ሞልቶ ያለው ግን አማርኛ ሳይሆን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። አጎቴ ፊታቸው ተለወጠ።

«ተበላሸ ማለት ነው?»

«አልተበላሸም ጋሼ። ፊደሉን ነው ያላመጣነው።»

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ደንብ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ጽሕፈት ቤቶች ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ይሠሩ የነበረው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። የያኔዎቹ ፊደላት የላቲኑን ፊደል ቦታ ይዘው የሚሠሩ ናቸው። ሰነዱ ውስጥ የተጻፈው የላቲን ቁጥር ነው፤ አማርኛ አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲለይ ጽሑፉ አንደበቱን ያጣል። ስለዚህ ሰነድ ሲገለበጥ ፎንቱም አብሮ መገልበጥ አለበት፤ ከዚህ ሥራ ሁሉ ሰዎች የሚረሱት ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል። ከሁለቱም አሮጌ ኮምፒውተሮች የግዕዝ ፎንቶቹን በትእዛዝ መስመር ወደ አንድ ፎልደር ገለበጥኩ፤ በድልድይም በጎተራም አስቀመጥኩ፤ ላፕቶፑም ላይ ጫንኳቸው።

ውሉን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። «የቤት ሽያጭ ውል» የሚለው ርእስ በወፍራም ፊደል ወጣ፤ ከሥሩ የሻጭና የገዥ ስም፣ የሦስት ምስክሮች ስም። አጎቴ መነጽራቸውን አውልቀው አበሱና ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

ለፋይል ስም ግን የግዕዝ ፊደል እንዳይጠቀሙ ተስማምተናል። ድልድዩ ራሱ ይሸከመዋል፤ ነገር ግን ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ ስላልመጣ ስሙን በባዶ ሣጥኖች ያሳየዋል፤ 98ቱ ደግሞ ከነጭራሹ ሊከፍተው አይችልም።

ኅዳር 20

የቅዳሜውን ሥራ ለአጎቴ ማቅለል ነበረብኝ። ኤክስፒው ላይ አንድ ትንሽ የባች ፋይል (የትእዛዝ ዝርዝር) ጻፍኩ፤ ዴስክቶፑ ላይ ሁለቴ ሲጫኑት ኤክስኮፒ የተባለውን የመገልበጫ ትእዛዝ ይጠራና አዲስ ወይም የተለወጠ ሰነድ ብቻ ወደ ጎተራ ይገለብጣል። የድራይቩን ፊደል ቋሚ ያደረግኩት ለዚህ ነበር።

ሞከርኩት። አጎቴ ጠዋት የጻፉት ማመልከቻ ተገለበጠ። ከሰዓት በኋላ አርመው ያስቀመጡት ያው ማመልከቻ ግን አልተገለበጠም። ትእዛዙ የሚያወዳድረው ቀንና ሰዓትን ነው። ቀኑን ሳይ ጠዋት ትክክል የነበረው ሰዓት 1 ጃንዋሪ 2002 ይላል። በምሳ ሰዓት ኮምፒውተሩ ከሶኬት ተነቅሎ ነበር፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሰዓት ባትሪ ሞታለች። የታረመው ሰነድ ከጎተራው ቅጂ በብዙ ዓመታት «ያረጀ» ስለሆነ ኤክስኮፒ አለፈው። ሳላስተውለው ቀርቼ ቢሆን ኖሮ አጎቴ በየቅዳሜው ይጫኑታል፣ «ተጠናቀቀ» ይላቸዋል፣ አንድም አዲስ ነገር አይገለበጥም ነበር። ይህን ሳስብ ሆዴ ተሸበረ።

ባትሪዋ ሲአር2032 ናት፤ ሰዓት አዳሽ ጋ ትገኛለች። ለሁለቱም ኮምፒውተሮች ገዛሁ።

ኅዳር 22

ባትሪዎቹ ገብተዋል፤ ሰዓቱ ተስተካክሏል፤ ሶኬቱን ነቅዬ ለአንድ ሌሊት አሳድሬ አየሁት፤ አልተዛባም። ከጎተራ ሙሉ ቅጂ ወደ 4 ቴራባይቱ ዲስክ ተላልፏል፤ እሱ እቤት፣ ቁምሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ለኤክስፒው ምትክ ዲስክ እየተፈለገ ነው።

ዛሬ አጎቴ የመጀመሪያውን ግልበጣ ብቻቸውን አደረጉ። እኔ ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጬ አየሁ። ሰኩ፣ ጠበቁ፣ ተጫኑ፣ አለቀ። ሊነቅሉ ሲሉ ከማያው ሥር ያለችውን አረንጓዴ ቀስት አሳየኋቸውና መጀመሪያ እሷን መጫን እንዳለባቸው፣ ኮምፒውተሩ ያልጻፈውን ጽፎ ዲስኩን እስኪለቅ መጠበቅ እንደሚገባ ነገርኳቸው።

«ማሰናበት ነዋ!» አሉ።

ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው ነጭ ፕላስተር አወጡ፤ ቆርጠው ሣጥኑ ላይ ለጠፉና ለማመልከቻ አርእስት በሚጠቀሙበት በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፍ ጻፉበት፦ «ከኋላ ይሰካ። ሳይሰናበት አይነቀል።»